በሰርቨር አፕሊኬሽን ውስጥ ተሰኪ ሎገር እንዴት ይገነባል፦ ዝርዝር መመሪያ

ሎገር ማለት አንድ ሰርቨር በሥራ ላይ እያለ የሆነውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚመዘግብ የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ተሰኪ የሚባለው ደግሞ የመዝገቡ መድረሻ፣ ፋይልም ይሁን ስክሪን ወይም በኔትወርክ የሚገኝ ሌላ ሰርቨር፣ የዋናው ፕሮግራም ኮድ ሳይነካ ሊጨመር፣ ሊቀየርና ሊነቀል ሲችል ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሎገር ከክስተቱ ቅርጽ ጀምሮ እስከ ፍተሻው ድረስ እንዴት መገንባት እንደሚቻል ያሳያል። ከሁሉ አስቀድሜ አቋሜን ላስቀምጥ፦ የተሰኪ ሎገር ጥራት የሚለካው በመድረሻዎቹ ብዛት አይደለም፤ ከመድረሻዎቹ አንዱ ሲበላሽ ሰርቨሩ ሥራውን ሳያቋርጥ መቀጠል በመቻሉ ነው።

ምሳሌያችን በጣና ሐይቅ ላይ ለሚመላለሱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጥ ሥርዓት ይሁን። ዋናው ሰርቨር ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ተቀምጧል፤ ትኬት የሚቆረጥባቸው መስኮቶች በባሕር ዳር፣ በዘጌና በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ይገኛሉ። ተሳፋሪው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይከፍላል። ሥርዓቱ ሲጀመር፣ እንደ ብዙዎቹ ሥርዓቶች፣ ሎጉን በየቦታው በቀጥታ ያትማል እንበል፤ ክፍያ የሚቀበለው ፋንክሽን ስክሪን ላይ ያትማል፣ ትኬት የሚቆርጠው ፋንክሽን ራሱ ፋይል ከፍቶ ይጽፋል።

ችግሩ የሚታየው ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ቦታዎች ሲበዙ ነው። በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ የሚፈለገው ወዲያው በቴርሚናል የሚነበብ ጽሑፍ ነው። በዋናው ሰርቨር ላይ መጠኑ የተገደበ ፋይል፣ ከባድ ችግር ሲፈጠር ደግሞ ለተረኛው ባለሙያ ስልክ የሚደርስ አጭር መልእክት ያስፈልጋል። በዘጌ መስኮት ያለው ኮምፒውተር በበኩሉ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሎጉን በራሱ ዲስክ ላይ እያጠራቀመ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ መላክ አለበት። ለእያንዳንዱ ቦታ ኮዱን መቀየር ካስፈለገ አንድ የነበረው ፕሮግራም ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይገባል፤ የፕሮግራሙ ኮድ ምን እንደሆነ ብቻ ይናገራል፣ የት እንደሚጻፍ የሚወስነው ኮንፊገሬሽኑ፣ ማለትም ከኮዱ ውጭ ያለው የማስተካከያ ፋይል ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚሠሩበት ቋንቋ ምን እንዳዘጋጀልዎ ይመልከቱ። ፓይተን ከስሪት 2.3 ጀምሮ ሎጊንግ የተባለ ሞጁል አለው፤ በጃቫ ኤስኤልኤፍ4ጄ እና ሎግ4ጄ 2 የተባሉ የሎግ ላይብረሪዎች ይገኛሉ፤ ጎ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ስሪት 1.21 ጀምሮ ኤስሎግ የተባለውን የሎግ ላይብረሪ ይዟል፤ ዶትኔትም የራሱ የሎገር አቅራቢ ኢንተርፌስ አለው። እነዚህ ካሉ ሁሉንም ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ በእነርሱ ላይ የራስን መድረሻ መሰካት ይበቃል። ሆኖም ከታች የሚዘረዘሩት ውሳኔዎች ከቋንቋ ቋንቋ የሚለወጡ ስላልሆኑ፣ የተዘጋጀ ላይብረሪ የሚጠቀም ሰውም አንድ በአንድ ሊመልሳቸው ይገባል።

እርምጃ 1፦ የክስተቱን ቅርጽ መወሰን

ብዙ ሰው ከፋይሉ ይጀምራል። እኔ የምመክረው ከክስተቱ መጀመር ነው፤ መድረሻዎች ይለዋወጣሉ፣ የክስተቱ ቅርጽ ግን ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ይቆያል። ክስተቱ እንደ ዓረፍተ ነገር ተገጣጥሞ የሚታተም ጽሑፍ ሳይሆን የተለያዩ መስኮች ያሉት መዝገብ ይሁን። ለምሳሌ፦

ጊዜ=2025-02-11 05:00:03.412+00:00
ተራ=190447
ደረጃ=ስህተት
ክስተት=ክፍያ.አልተረጋገጠም
ጥያቄ=4471-09
ትኬት=88213
መስኮት=ዘጌ
ቆይታ_ሚሊሰከንድ=8200

እዚህ ላይ የክስተቱ ስም ምንጊዜም የማይለወጥ ቋሚ ቃል መሆኑን ልብ ይበሉ። የሚለዋወጠው ሁሉ፣ የትኬቱ ቁጥርም ሆነ የቆይታው ርዝመት፣ በራሱ መስክ ይቀመጣል። «የትኬት 88213 ክፍያ በዘጌ መስኮት ከ8 ሰከንድ በኋላም አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ስንት ክፍያ ሳይረጋገጥ እንደቀረ ለመቁጠር ሲፈለግ ጽሑፉን መሰንጠቅ ግድ ይሆናል። መስክ ካለ ግን ቆጠራው የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ቆይታን ሲለኩ ደግሞ የግድግዳ ሰዓቱን ሳይሆን ወደ ኋላ የማይመለሰውን የኮምፒውተሩን ውስጣዊ ቆጣሪ ይጠቀሙ፤ መብራት ጠፍቶ የተመለሰበት ኮምፒውተር ሰዓቱን ሲያስተካክል ቆይታው ከዜሮ በታች ሊወጣ ይችላል።

«ተራ» የተባለው መስክ ፕሮግራሙ ከተነሣ ጀምሮ በአንድ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ነው። ሰዓቱ ቢስተካከልም፣ ክስተቶቹ በተለያየ መንገድ አልፈው ቢደርሱም የትኛው እንደቀደመ የሚናገረው እርሱ ነው። በእርምጃ 6 ጥቅሙ ይታያል።

የክብደት ደረጃን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ ሲስሎግ የተባለው የሎግ መላኪያ ስታንዳርድ፣ አርኤፍሲ 5424፣ ከ0 እስከ 7 የተቆጠሩ ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ 0 ከሁሉ የከፋው ነው። ለትኬት ሰርቨር ስምንት ይበዛል። ምርመራ፣ መረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስህተት እና አደጋ የተባሉ አምስት ደረጃዎች ይበቃሉ፤ ዋናው ነገር የእያንዳንዱን ትርጉም በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለያ ክስተቱን አይቶ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። «አደጋ» የሚባለው ተረኛውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። «ስህተት» የአንድ ተሳፋሪ ጥያቄ በእኛ ጥፋት ሳይፈጸም መቅረቱ ነው። ተሳፋሪ የተሳሳተ የትኬት ቁጥር ቢያስገባ ግን ሰርቨሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ይህ «መረጃ» እንጂ «ስህተት» አይደለም። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ የስህተት ብዛት ትርጉም ያጣል፤ ተረኛውም መልእክቱን ሳያነብ ማለፍን ይለምዳል።

እርምጃ 2፦ የመድረሻውን ውል መጻፍ

ውል የምንለው ማንኛውም መድረሻ ሊያሟላው የሚገባ ኢንተርፌስ ነው። አራት ተግባራት ይበቁታል፦

ውል መድረሻ፦
ይቀበላል(ደረጃ) ፤ መልሱ አዎ ወይም አይ
ጻፍ(ክስተት)
አፍስስ(የጊዜ_ገደብ)
ዝጋ()

«ይቀበላል» መድረሻው በዚያ ደረጃ ያለውን ክስተት ይፈልገው እንደሆነ በርካሽ ይመልሳል። «ጻፍ» ሥራውን ይሠራል። «አፍስስ» በሜሞሪ የተያዘ ካለ ወደ መጨረሻው ቦታ እንዲያደርስ ያዛል፤ «ዝጋ» ፋይሉን ወይም ግንኙነቱን ይለቃል። በፓይተን መድረሻን የሚወክለው ሃንድለር ኤሚት፣ ፍለሽና ክሎዝ በተባሉ ሜተዶች ይህንኑ ይሠራል፤ የጎ ኤስሎግ ሃንድለር ካሉት አራት ሜተዶች አንዱ፣ ኢኔብልድ የተባለው፣ የኛን «ይቀበላል» ተግባር ይሸፍናል።

ከተግባራቱ ስም ይልቅ የሚከብደው በኮድ የማይታየው የውሉ ክፍል ስለሆነ፣ በኢንተርፌሱ አናት ላይ በአስተያየት መልክ ይጻፉት። አንደኛ፣ መድረሻው የተሰጠውን ክስተት ፈጽሞ አይለውጥም፤ ያው ክስተት ለቀጣዩ መድረሻም ይሰጣልና። ሁለተኛ፣ ከተዘጋ በኋላ «ጻፍ» ቢጠራ ዝም ብሎ ይመለሳል፣ ሁለት ጊዜ ቢዘጋም ምንም አይሆንም። ሦስተኛ፣ በብዙ ትሬዶች (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በአንድ ጊዜ ይጠራል ወይስ አይጠራም የሚለው በግልጽ ይወሰናል። እኔ የምመርጠው አከፋፋዩ፣ ማለትም ክስተቶችን ከሎገሩ ተቀብሎ ለመድረሻዎቹ የሚያድለው ክፍል፣ እያንዳንዱን መድረሻ በአንድ ትሬድ ብቻ እንዲጠራው ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ መድረሻ የሚጽፈው ሰው ስለ መቆለፊያ መጨነቅ አይኖርበትም፤ መድረሻ መጻፍ ቀላል ካልሆነ ደግሞ ተሰኪነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እርምጃ 3፦ የፊት ለፊቱን ሎገር መሥራት

የፕሮግራሙ ኮድ የሚያውቀው ይህንን ክፍል ብቻ ነው። ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ ደረጃውን የሚፈልግ መድረሻ መኖሩን መጠየቅ፣ ካለ ክስተቱን ማዘጋጀት፣ ከዚያም ለአከፋፋዩ መስጠት። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ክስተቱ ከተዘጋጀ በኋላ መጠየቅ ማንም ለማያነበው የምርመራ መስመር ጊዜ ማባከን ነው። ከዚህ ሌላ «ልጅ ሎገር» የመፍጠር ችሎታ ይስጡት፤ አንድ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ የጥያቄ ቁጥሩና የመስኮቱ ስም የታሠሩበት ልጅ ሎገር ይፈጠራል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ጥያቄ ውስጥ የሚጻፍ ክስተት ሁሉ እነዚህን መስኮች ይዞ ይወጣል።

እርምጃ 4፦ የፋይሉን መድረሻ መጻፍ

የኮንሶሉ፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚያትመው መድረሻ የጥቂት መስመር ሥራ ስለሆነ አልቆይበትም። የፋይሉ ግን በአማርኛ ለሚጻፍ ሎግ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ መመሪያዎች ይህን ስለማያነሱ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ አሰጣጥ ይጻፍ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጀልባ» ሦስት ፊደል ነው፤ በፋይሉ ላይ ግን 9 ባይት ነው። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ መልእክት የተሰላ የፋይል መጠን ለኛ አይሠራም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መስኮችን ጄሰን በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ስናወጣ ይመጣል፦ የፓይተን ጄሰን ሞጁል ካልተነገረው በስተቀር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት የአስኪ ምልክቶች ተክቶ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ 3 ባይት የነበረው 6 ይሆናል፤ ይባስ ብሎም ፋይሉ ውስጥ «ዘጌ» ብለው ቢፈልጉ ምንም አያገኙም፣ ምክንያቱም በፋይሉ ላይ ያለው ፊደሉ ሳይሆን የፊደሉ ቁጥር ነው። ኤንሹር አስኪ የተባለውን አማራጭ ማጥፋት ሁለቱንም ይፈታል።

ቀጥሎ የሚመጣው መቁረጥ ነው። አንድ መልእክት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይሆን ገደብ ማበጀት ተገቢ ነው፤ አንዳንድ መድረሻዎችም ገደቡን ራሳቸው ያመጡታል። በአርኤፍሲ 5424 መሠረት ማንኛውም ተቀባይ ሊቀበል የሚገደደው እስከ 480 ባይት ያለውን መልእክት ብቻ ነው፤ ይህ ራስጌውን ጨምሮ ስለሆነ፣ ራስጌው ምንም ባይወስድ እንኳ ከ160 የግዕዝ ፊደል አይበልጥም። ገደቡ በባይት ሲቆረጥ ሁለት ባይት በዚህ፣ አንድ ባይት በዚያ ቀርቶ ፊደሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ፊደል ያለበትን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም በዚያ መስመር ላይ ስህተት አውጥቶ ሊቆም ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 የፊደል መጀመሪያ ያልሆነ ባይት ሁሉ ዋጋው ከ128 እስከ 191 ነው። ስለዚህ መቁረጫው ቦታ ላይ ያለውን ባይት ይመልከቱ፤ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ አንድ ባይት ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ከክልሉ ውጭ የሆነ ባይት ሲያገኙ ከእርሱ በፊት ይቁረጡ። ለግዕዝ ፊደል ቢበዛ ሁለት እርምጃ መመለስ ይበቃል። ከቆረጡ በኋላም መልእክቱ የተቆረጠ መሆኑን በአንድ መስክ ያመልክቱ።

ፋይሉን ማዞርን፣ ማለትም በየጊዜው አዲስ ፋይል ከፍቶ አሮጌውን ማስወገድን በተመለከተ፣ በቀን ሳይሆን በመጠን እንዲዞር አደርጋለሁ። በቀን የሚዞር ፋይል በጥምቀት ሰሞን፣ ተሳፋሪ ሲበዛ፣ ምን ያህል እንደሚያድግ አይታወቅም። 10 ሜጋባይት የሆኑ 20 ፋይሎች ከፍተኛው 200 ሜጋባይት ነው፤ ይህ ቁጥር ምንም ቢፈጠር አይለወጥም። ዲስኩ አነስተኛ ለሆነ ሰርቨር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይህ እርግጠኝነት ነው።

በመጨረሻም፣ ከተሳፋሪ የመጣ ጽሑፍ ሲጻፍ የመስመር መሸጋገሪያውን በሚታይ ምልክት ይተኩ። ይህ ካልተደረገ በስም መስክ ውስጥ አዲስ መስመር ያስገባ ሰው በእኛ ሎግ ውስጥ ያልሆነ ክስተት መጻፍ ይችላል።

እርምጃ 5፦ መድረሻዎችን በኮንፊገሬሽን መሰካት

አሁን ስምን ከሠሪው ጋር የሚያገናኝ መዝገብ እንሠራለን። «ፋይል» የሚለው ስም የፋይሉን መድረሻ ከሚሠራው ፋንክሽን ጋር፣ «አጭር መልእክት» የሚለውም ከራሱ ጋር ይጣመራል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ኮንፊገሬሽኑን አንብቦ ስሞቹን በመዝገቡ ይፈልጋል፣ መድረሻዎቹን ሠርቶ ለአከፋፋዩ ያስረክባል። የዋናው ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ይህን ይመስላል፦

መድረሻ.ፋይል.ደረጃ = መረጃ
መድረሻ.ፋይል.መጠን = 10 ሜጋባይት
መድረሻ.ፋይል.ብዛት = 20
መድረሻ.አጭር_መልእክት.ደረጃ = አደጋ
መድረሻ.አጭር_መልእክት.በሰዓት_ቢበዛ = 4

የዘጌው ደግሞ «ፋይል» በሚለው ቦታ «አጠራቃሚ» የሚል ይኖረዋል፤ ኮዱ አንድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሌለ ስም ከተገኘ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ስሙንና የሚታወቁትን ስሞች ዘርዝሮ ይቁም። በሥራ ላይ እያለ ሎገር ሰርቨሩን ማቆም የለበትም፤ ሲነሣ ግን ስህተቱን ማሳወቂያው ትክክለኛ ጊዜ ያ ነው።

ኮንፊገሬሽኑ ማንኛውንም የክላስ ስም ተቀብሎ እንዲጭን አይፍቀዱ፤ አስቀድሞ የተመዘገበው ብቻ ይጫን። መልእክቱም ምንጊዜም እንደ ጽሑፍ ብቻ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነው የሎግ4ጄ 2 የደኅንነት ቀዳዳ፣ ሎግ4ሼል የተባለው፣ የመጣው ላይብረሪው በመልእክቱ ውስጥ ያገኘውን ልዩ አጻጻፍ እንደ ትእዛዝ ተርጉሞ ከሩቅ ሰርቨር ኮድ እስከ መጫን በመድረሱ ነው። አጥቂው ማድረግ ያለበት ሰርቨሩ ሎግ የሚያደርገውን አንድ ጽሑፍ መላክ ብቻ ነበር። ከተሳፋሪ የመጣ ጽሑፍ በሎገር ውስጥ ትእዛዝ የሚሆንበት መንገድ ጨርሶ አይኑር።

እርምጃ 6፦ መድረሻ ሲበላሽ የሚሆነውን መወሰን

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ዲስክ ይሞላል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የአጭር መልእክት አገልግሎቱ መልስ ሳይሰጥ ይቆያል። ጎህ ሳይቀድ ትኬት ለመቁረጥ ወረፋ የያዘ ሰው በዘጌ እያለ፣ ሎግ መጻፍ ስላልተቻለ ትኬት አይቆረጥም ማለት ተቀባይነት የለውም።

የመጀመሪያው መከላከያ ኪው፣ ማለትም ክስተቶች ወረፋ ይዘው የሚጠብቁበት ቦታ ነው። የጥያቄውን ሥራ የሚሠራው ትሬድ ክስተቱን ኪው ውስጥ አስቀምጦ ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላ ትሬድ ከኪው እያወጣ ለመድረሻዎቹ ይሰጣል። ፓይተን ለዚህ ኪው ሃንድለርና ኪው ሊስነር የተባሉትን ከስሪት 3.2 ጀምሮ አዘጋጅቷል። ጀልባ ከልኩ በላይ እንደማይጭን ሁሉ ኪውም ልክ ይኑረው። ልክ የሌለው ኪው መድረሻው ሲዘገይ ሜሞሪውን እስኪጨርስ ያድጋል፤ ከዚያ የሚወድቀው ሎገሩ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። 10,000 ክስተት የሚይዝ ኪው፣ አንዱ ክስተት በግምት 1 ኪሎባይት ቢሆን፣ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ይህ ለአነስተኛ ሰርቨርም አይከብድም።

ኪው ሲሞላ ምን ይጣል? የኔ ምርጫ ሁለት ኪው ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ለምርመራና ለመረጃ፣ ሌላው አነስ ያለው ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ወደ ላይ ላሉት። የመጀመሪያው ሲሞላ አዲስ የመጣው ይጣላል፣ የተጣለው ብዛትም ይቆጠራል፤ ቦታ ሲገኝ «ይህን ያህል ክስተት ተጥሏል» የሚል አንድ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ሳይናገር የሚጥል ሎገር ከማይጽፍ ሎገር ይብሳል፣ አንባቢው ሙሉ መዝገብ የያዘ ይመስለዋልና። በሁለት ኪው በማለፋቸው የተዛባው ቅደም ተከተል በእርምጃ 1 ባዘጋጀነው «ተራ» ይስተካከላል።

ከዚህ ጋር አንድ ወሰን መሠመር አለበት። ክስተት ሊጣል የሚችልበት ቦታ የገንዘብ መዝገብ ማስቀመጫ አይደለም። ማን ስንት ከፈለ የሚለው በዳታቤዝ ውስጥ፣ ትኬቱ ከሚቆረጥበት ትራንዛክሽን ጋር ይጻፍ። ሎጉ ይህን ለመመርመር ይረዳል እንጂ አይተካውም።

ሁለተኛው መከላከያ በአከፋፋዩ ውስጥ ነው። አከፋፋዩ እያንዳንዱን «ጻፍ» ለየብቻ በስህተት መያዣ ይከልላል፤ አንዱ መድረሻ ሲወድቅ ለቀጣዩ መስጠቱን ይቀጥላል። መድረሻው በተከታታይ አምስት ጊዜ ከወደቀ ለ30 ሰከንድ ይነቀላል፣ ከዚያ በአንድ ክስተት ይሞከራል፤ ከተሳካ ይመለሳል። ስለ ውድቀቱ የሚናገረው መልእክት ወደ ራሱ ሎገር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ስታንዳርድ ኤረር (ፕሮግራሙ ስህተቱን ወደሚያሳውቅበት የራሱ መውጫ) ይጻፍ፤ በደቂቃም ከአንድ አይብለጥ። ለዘገምተኛ መድረሻ፣ በተለይ በኔትወርክ ለሚጽፍ፣ የራሱ ኪውና ትሬድ ይሰጠው፤ ካልሆነ የአጭር መልእክቱ መዘግየት ፋይሉንም ያዘገየዋል።

በኔትወርክ የሚልከው መድረሻ ሌላ የተደበቀ ወጥመድ አለው። የሚጠቀምበት የኤችቲቲፒ ላይብረሪ ራሱ ሎግ የሚጽፍ ከሆነ፣ እያንዳንዱ መላክ አዲስ ክስተት ይወልዳል፣ አዲሱ ክስተትም ሌላ መላክን ይወልዳል። ለዚህ በአከፋፋዩ ትሬድ ውስጥ የተፈጠረ ክስተት ወደ ኪው እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ያስፈልጋል።

የዘጌው «አጠራቃሚ» መድረሻ እንዲህ ይሠራል። ክስተቶቹን መጀመሪያ በራሱ ዲስክ ላይ በየ1 ሜጋባይቱ በተከፈሉ ፋይሎች ይጽፋል። ላኪው አሮጌውን ፋይል ወስዶ በአንድ ጥቅል ይልካል፤ ዋናው ሰርቨር መቀበሉን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ፋይሉን ያጠፋል። ማረጋገጫው በመንገድ ሊጠፋ ስለሚችል ያው ጥቅል ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክስተት የመስኮቱ ስም፣ ፕሮግራሙ የተነሣበት መለያና ተራው ተጣምረው መታወቂያ ይሁኑት፣ ተቀባዩም የተደገመውን ይተወው። መላኩ ካልተሳካ ከ1 ሰከንድ ጀምሮ ጥበቃውን በእጥፍ እያሳደገ እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቅ። በዚያ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንዶች ይጨመሩበት፤ መስመሩ ሲመለስ ዘጌና ጎርጎራ በአንድ ቅጽበት የቀናቸውን ሁሉ ይዘው ዋናውን ሰርቨር እንዳይወርሩት ነው። የሚጠራቀመውም ገደብ ይኑረው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ በሜሞሪ ያለው ይጠፋል። የተጻፈው በእርግጥ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ የሚያዘውን ኤፍሲንክ ለእያንዳንዱ ክስተት መጥራት ዲስኩን ያዘገያል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ መጥራት ግን ጉዳቱን ወደ አንድ ሰከንድ ሎግ ያወርደዋል፤ ይህ ለትኬት ሥርዓት በቂ ስምምነት ይመስለኛል። በሥርዓት ሲዘጋ ደግሞ አከፋፋዩ አዲስ መቀበሉን አቁሞ ኪውን ያፈስሳል፤ ለዚህ እስከ 5 ሰከንድ ይሰጠው፣ ካለቀ የቀረውን ቆጥሮ ወደ ስታንዳርድ ኤረር ይጻፍና ይውጣ።

እርምጃ 7፦ የተሳፋሪን ምሥጢር መጠበቅ

የስልክ ቁጥርና ስም ወደ ሎግ እንዳይገባ የሚከለክለው ማጣሪያ የሚቀመጠው ክስተቱ ኪው ከመግባቱ በፊት ነው። ለእያንዳንዱ መድረሻ ከተተወ አንድ ቀን አዲስ መድረሻ የሚጽፍ ሰው ይረሳዋል። ዋናው ማጣሪያ በመስክ ስም ይሁን፤ «ስልክ» የተባለ መስክ ሁሉ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች በስተቀር ይሸፈን። ሁለተኛው በነጻ ጽሑፍ ውስጥ በ09፣ በ07 ወይም በ251 የሚጀምሩ የስልክ ቁጥሮችን ይፈልግ። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስምን ከሎግ ማስወጣት ሌላም ጥቅም አለው። ያንኑ ስም አንዱ ትኬት ቆራጭ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በስም የሚደረግ ፍለጋ ግማሹን ያጣል። በትኬት ቁጥር የሚደረግ ፍለጋ ግን ምንም አይስትም።

እርምጃ 8፦ ጊዜን በአንድ ልክ መጻፍ

በሎግ ላይ ያለው ጊዜ ሁልጊዜ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይሁን። ከላይ በምሳሌው የተጻፈው 05:00 በኛ አገር የሰዓት ክልል 08:00 ነው፤ የዘጌው ትኬት ቆራጭ ግን በስልክ ሲያሳውቅ «የካቲት 4 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ» ነው የሚለው። በሌሊት ሲሆን ቀኑም ይለያያል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በዩቲሲ በፊተኛው ቀን 22:00 ነው። ይህን በጭንቅላት እያሰሉ መመርመር ስህተት ይጋብዛል። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት የሚቀይረው ኮድ በማሳያው ብቻ፣ ማለትም በኮንሶሉ መድረሻና ሎጉን በሚፈልገው መሣሪያ ውስጥ ይኑር፤ ፈላጊውም «የካቲት 4፣ 2 ሰዓት ጠዋት» የሚለውን ተቀብሎ ራሱ ወደ ዩቲሲ ይቀይረው። በፋይሉ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ሰዓት አይቀላቀል።

እርምጃ 9፦ መፈተሽ

በመጀመሪያ ክስተቶችን በዝርዝር የሚይዝ የሜሞሪ መድረሻ ይጻፉ፤ የሌላው ኮድ ቴስት ሁሉ በእርሱ «ክፍያ.አልተረጋገጠም ተጽፏልን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ የውሉን ቃል አንድ በአንድ የሚፈትሽ አንድ የቴስት ስብስብ አዘጋጅተው በእያንዳንዱ መድረሻ ላይ ያስኪዱት፤ አዲስ መድረሻ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይህን ስብስብ ማለፍ ነው።

ቀጥሎ ሆን ብለው የተበላሹ ሁለት መድረሻዎችን ይሥሩ፦ ሁልጊዜ ስህተት የሚወረውር እና በእያንዳንዱ «ጻፍ» ላይ 2 ሰከንድ የሚተኛ። ሁለቱንም ሰክተው ትኬት ይቁረጡ፤ የትኬቱ ቆይታ መድረሻዎቹ ከሌሉበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር መለወጥ የለበትም። የሞላ ዲስክን ለመፈተሽ ዲስክ መሙላት አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ /ዴቭ/ፉል የተባለ ልዩ ፋይል አለ፤ ሊጽፍበት ለሚሞክር ሁሉ ቦታ የለም የሚል መልስ ይሰጣል። የፋይሉን መድረሻ ወደዚያ አዙረው አከፋፋዩ በእርግጥ እንደሚነቅለው፣ በስታንዳርድ ኤረር ላይም በደቂቃ አንድ መስመር ብቻ እንደሚወጣ ያረጋግጡ። የመቁረጡን ኮድ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ብቻ በተጻፈ ረጅም መልእክት፣ ገደቡን አንድ አንድ ባይት እየቀነሱ ይፈትሹ፤ በየትኛውም ገደብ የወጣው ጽሑፍ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት።

እርምጃ 10፦ አሮጌውን ኮድ ማሸጋገር

ሁሉንም የማተሚያ መስመሮች በአንድ ቀን ለመቀየር አይሞክሩ። በሥርዓቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚመረመረው ክፍል ይጀምሩ፤ በኛ ምሳሌ ክፍያው ነው። እያንዳንዱን አሮጌ መስመር ሲያገኙ ወደ ክስተት ከመለወጥዎ በፊት ማን እንደሚያነበው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያለ ምትክ የሚሰረዙ ሆነው ያገኟቸዋል። የአንድ ሞጁል ሽግግር ሲያልቅ በዚያ ሞጁል ውስጥ በቀጥታ ማተምንና የሎግ ፋይል መክፈትን የሚከለክል ፍተሻ በቢልዱ (ፕሮግራሙ በሚጠናቀርበት ሂደት) ውስጥ ያስገቡ፤ ፍተሻው ከሌለ ስህተት ለማደን በጥድፊያ የገባ የማተሚያ መስመር እዚያው ይቀራል። ዋናው ሰርቨር ላይ አሮጌውና አዲሱ ሎግ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ያድርጉ፤ በአዲሱ ሎግ ብቻ አንድ እውነተኛ የተሳፋሪ ቅሬታን ከትኬቱ ቁጥር ተነሥተው እስከ ምክንያቱ መከተል ሲችሉ አሮጌውን ያጥፉት፤ ከዚያም ወደ ጎርጎራና ወደ ዘጌ መስኮቶች ይውሰዱት።